በምዕራብ ጎጃም የፖሊስ ኃይል አጠቃቀምና ተጠያቂነት

በምዕራብ ጎጃም የፖሊስ ኃይል አጠቃቀምና ተጠያቂነት በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ፖሊስ፣ ሚሊሻና ሌሎች የጸጥታ አካላት ሰው ሲይዙ፣ ሲያስሩ ወይም ሰልፍ ሲበትኑ እስከ ምን ድረስ ጉልበት መጠቀም እንደሚችሉ፣ ከልክ ሲያልፉም ማን እንደሚጠይቃቸው የሚመለከት ርእስ ነው። ጉዳዩ ከሁሉ በላይ የሚከብደው ራሳቸውን መከላከልም ሆነ ከሰው መክሰስ በሚያዳግታቸው ሰዎች ላይ ነው፤ እነዚህም የአእምሮ ሕመምተኞች፣ ሕፃናት፣ መስማት የተሳናቸው፣ የጎዳና ተዳዳሪዎች፣ ተፈናቃዮችና እስረኞች ናቸው። በኢትዮጵያ ሕግ የኃይል ገደብ በጽሑፍ ከሰፈረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው።

አካባቢውና የጸጥታ መዋቅሩ

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ስትሆን የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበር። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዚሁ መንገድ ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ ቀጥላ የምትገኘው ቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ መገንጠያ ናት፤ ስለዚህ ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛና መንገደኛ ይበዛባታል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት የክልሉን ፖሊስ የማደራጀትና የመምራት ሥልጣን የክልሉ ነው። ከአማራ ክልል ፖሊስ ኮሚሽን በታች የዞን መምሪያ፣ የወረዳና የከተማ ፖሊስ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። ገጠር ሲገባ ግን መልኩ ይለወጣል። ገበሬው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚያገኘው የሕግ አስከባሪ መለዮ የለበሰ ፖሊስ ሳይሆን ጠመንጃ የያዘ የቀበሌ ሚሊሻ ነው። ሚሊሻው ራሱ ገበሬ፣ ጎረቤት፣ አንዳንዴም የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሥልጠናውም ከመደበኛ ፖሊስ ያነሰ ነው። በከተሞች ሁከት ሲነሳ የክልሉ አድማ ብተና፣ የፌዴራል ፖሊስና የመከላከያ ሠራዊት ይታከላሉ። የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ የፌዴራሉ መንግሥት የወሰነው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ነው። የመዋቅሩ ብዛት ለተጠያቂነት ቀላል ነገር አይደለም፤ የተደበደበ ሰው «የመታኝ የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ከሌለው አቤቱታው ገና ከበሩ ይሰናከላል።

የሕጉ ይዘት

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተያዡ በኃይል ሲቃወም ወይም ሊያመልጥ ሲሞክር ፖሊስ ለሁኔታው ተመጣጣኝ የሆነ ዘዴ እንዲጠቀም ይፈቅዳል (አንቀጽ 56)። «ተመጣጣኝ» የሚለው ቃል የሁሉም ነገር ማጠንጠኛ ነው። ያው ሕግ በምርመራ ጊዜ ማስፈራራትን፣ ማባበልንና ሌላም ተገቢ ያልሆነ ዘዴን ይከለክላል (አንቀጽ 31)፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብም ያዝዛል (አንቀጽ 29)።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት እነዚህን ወደ መብትነት ከፍ አደረጋቸው። አንቀጽ 16 ከአካል ጉዳት የመጠበቅ፣ አንቀጽ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን የመከልከል፣ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት የመቅረብ፣ አንቀጽ 21 ደግሞ እስረኛው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዱ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብቶችን ይዘዋል። አንቀጽ 18 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ ሊታገድ ከማይችሉት ጥቂት አንቀጾች አንዱ ነው።

ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 ተጠርጣሪን ወይም እስረኛን የሚደበድብ፣ የሚያሠቃይ ወይም ለሰው ክብር በማይመጥን መንገድ የሚይዝ የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል፤ ከባድ በሆነ ጊዜ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት፣ ድርጊቱን ላዘዘ ባለሥልጣን ደግሞ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀላቀለችውን የፀረ ሥቃይ ስምምነት የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በ2003 ዓ.ም. የአገሪቱን ሪፖርት ሲመረምር ይህ አንቀጽ ጠባብ እንደሆነና ሕጉም ለሥቃይ የተሟላ ትርጉም እንደሌለው ተችቷል።

ስለ ጦር መሣሪያ ዋናው ዓለም አቀፍ መለኪያ በ1982 ዓ.ም. ሃቫና ላይ የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት መሠረታዊ መርሖች ናቸው። በእነዚህ መሠረት ሕግ አስከባሪ ሰውን ለመግደል አልሞ መተኮስ የሚችለው ሕይወት ለማዳን ፈጽሞ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ መሣሪያ ሲጠቀም ሪፖርት ማድረግ፣ የቆሰለ ሰው እንዲታከምና ቤተሰብ እንዲያውቅ ማድረግም ይጠበቅበታል። የአገር ውስጥ አለመረጋጋት ከእነዚህ መርሖች ለመውጣት ሰበብ አይሆንም።

ተጋላጭ ሰዎች

ሕጉ «ቢቃወም ወይም ሊያመልጥ ቢሞክር» ሲል በፖሊስ ፊት የቆመው ሰው ትእዛዙን እንደሰማና እንደተረዳ ታሳቢ አድርጎ ነው። መስማት የተሳነው ሰው ከኋላው «ቁም!» ሲባል አይቆምም። ሕመሙ የተነሳበት የአእምሮ ሕመምተኛ የሚጮህበትን ሰው ትእዛዝ እንደ ጥቃት ሊቆጥረው ይችላል። ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲፈራ ይሮጣል። ሦስቱም ከሩቅ ላየ ሰው «አልታዘዝ ያለ» ይመስላሉ፤ ተመጣጣኝነት የሚለካውም በዚህች ቅጽበት ነው።

በጎጃም ገጠር የአእምሮ ሕመም ሲነሳ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያስበው ጠበል ነው፤ ሕመምተኛው እንዳይጠፋ ወይም ሰው እንዳይጎዳ በገመድ ወይም በሰንሰለት ሊታሰርም ይችላል። ፖሊስ ወይም ሚሊሻ የሚጠራው ነገሩ ከቤተሰብ አቅም በላይ ሲሆን፣ ምናልባትም በሕመምተኛው እጅ ዱላ ወይም ገጀራ ሲገኝ ነው። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 48 በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሥራውን ውጤት መረዳት የማይችል ሰው በወንጀል እንደማይጠየቅ፣ አንቀጽ 51ም ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንደሚጠይቅ ይደነግጋል። እነዚህ ጥበቃዎች ግን የሚሠሩት ዳኛ ፊት ነው፤ በግቢው አጥር ላይ ቆሞ የሚወስነው ሚሊሻ የአእምሮ ሐኪም ከጎኑ የለውም። በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ፖሊስ አንድ የአእምሮ ሕመምተኛን ተኩሶ ከገደለ በኋላ በ1980 ዓ.ም. ለእንዲህ ያለ ጥሪ ብቻ የሠለጠኑ ፖሊሶች ተመድበው ነበር፤ አሠራሩ በኋላ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛምቷል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 13 ለፖሊስና ለማረሚያ ቤት ሠራተኞች ተገቢ ሥልጠና እንዲሰጥ ያስገድዳል።

ለሕፃናት ሕጉ ከሌሎቹ ይልቅ ዝርዝር ነው። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ለብቻው በተሠራ ሥርዓት ይዳኛል፤ ሲያዝም ወዲያው በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት መወሰድ አለበት። ገጠር ውስጥ የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ዕድሜ በግምት ሲነገር ጥበቃው የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው።

የጎዳና ተዳዳሪዎች ሁኔታ የተለየ ነው፤ እነሱን ለመያዝ ራሱን የቻለ ሕግ አለ። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ተጠርጣሪው በዋስ እንዳይለቀቅ ይከለክላል። ከዚህ አዋጅ ውጭም በዘመቻ የሚደረግ ማፈስ አለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሲዳሞ አዋሽ በተባለ ቦታ የጎዳና ተዳዳሪዎች ከፈቃዳቸው ውጭ ተይዘው መቆየታቸውን ይፋ አድርጓል። ከጎጃም ገጠር ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ወጣትም እንዲህ ባለው አፈሳ ሊያዝ ይችላል።

የአቤቱታ መንገዶች

ጉዳት የደረሰበት ሰው በወንጀል ክስ ለማስመሥረት ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ያመለክታል። ምርመራውን የሚያካሂደው ግን ያው ፖሊስ ነው። ቁስሉን የሚያስረዳው የሐኪም ማስረጃም በተለምዶ የሚሰጠው ፖሊስ በሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ፖሊስ የመታው ሰው ማስረጃ ለማግኘት ወደ መቺው ባልደረቦች መመለስ ይኖርበታል ማለት ነው፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ቦታ ይህ ብቻ ብዙዎችን ያስቀራል። ጠባሳ እስኪሽር መቆየት ደግሞ ክሱን መተው ነው።

ሁለተኛው መንገድ የካሳ ክስ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት እንደሚጠየቅ፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነም ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በሕገ ወጥ መንገድ የታሰረ ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል።

በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ይመረምራል፣ ማረፊያ ቤቶችን ይጎበኛል፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል፤ ክስ ግን አይመሠርትም።

በገጠር አራተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ሽምግልና ነው። ሰው ሲሞት ሽማግሌዎችና ካህናት በመሀል ገብተው ደም ያደርቃሉ፣ ካሳ ይቆርጣሉ። ገዳዩ የመንግሥት ታጣቂ ሲሆን የሟች ወገን እንደ ደመኛ የሚያየው ሰውዬውን ነው፤ የላከው ጽሕፈት ቤት ከእርቁ ውጭ ይቀራል። ሽምግልናው በቀልን ያስቀራል፣ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ገበያ እንዲውል ያደርጋል። በሕግ ግን በነፍስ ግድያ እርቅ የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀርም፤ «ታርቀዋል» ተብሎ የሚዘጋ መዝገብ ካለ የተዘጋው ያለ ሕግ ነው።

ታሪክ

በአካባቢው ስለ መንግሥት ኃይል ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው የ1960 ዓ.ም. የገበሬ አመፅ ነው። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር መሬት ለመለካትና ርስት ለመንጠቅ የመጣ ነው ብሎ የሠጋው ገበሬ በሞጣ፣ በደጋ ዳሞትና በሌሎች አውራጃዎች ተነሳ። መንግሥት ፖሊስና ጦር ላከ፤ ከአየርም መንደሮች ተደበደቡ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ የግብር ውዝፍ ሰረዙ፣ ገበሬው አምርሮ የጠላውን የጠቅላይ ግዛቱን አስተዳዳሪ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴንም አነሷቸው። ደጃዝማቹ ግን የተዛወሩት ወደ ከፋ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪነት ነው፤ በ1966 ዓ.ም. የጅማ ሕዝብም በተራው ተነሳባቸው። ባለሥልጣንን ከመክሰስ ይልቅ ማዛወር የቆየ ልማድ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ጥቂት ነው።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ለተፈጸመው ግድያ ፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋገጠ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ ከአገር ከወጡ በኋላ፣ አብዛኛው አባል ኃይሉ ከልክ ያለፈ እንደነበር ድምፅ ሰጥቶ እንደነበር ተናገሩ፤ ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ግን እርምጃው ተመጣጣኝ ነበር የሚል ነበር። የሟቾቹ ቁጥር በሁለቱም ወገን አንድ ነው፤ ያለያያቸው ያው «ተመጣጣኝ» የሚለው ቃል ነው።

በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው አማራ ክልልን አዳረሰ። ነሐሴ 1 ቀን በባሕር ዳር ብዙ ሰልፈኞች በጥይት ተገደሉ። ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ለፓርላማ ባቀረበው ሪፖርት በአገሪቱ 669 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከእነዚህም በአማራ ክልል የጸጥታ አባላትን ጨምሮ 140 መሆናቸውን ገልጿል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ

ከልዩ ኃይሉ መፍረስ በኋላ በፋኖ ታጣቂዎችና በመንግሥት መካከል ጦርነት ሲነሳ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ ከአየር በተፈጸመ ነው በተባለ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያው ሰሞን ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ሲቪሎች ስለተጎዱባቸው ጥቃቶች ተአማኒ ሪፖርት ከደረሰው ቦታዎች መካከል ጠቅሷል። ይህ የፖሊስ ሥራ አልነበረም። ሆኖም የከተማው ነዋሪ በፖሊስ ሕግና በጦርነት ሕግ መካከል ያለው ድንበር የጠፋበት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ በጦርነት ሕግ የሚጠየቀው ተመጣጣኝነትም ሌላ ነው።

በቀድሞው የምዕራብ ጎጃም ክልል ውስጥ በነበረችው መርዓዊ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ከውጊያ በኋላ የመንግሥት ኃይሎች ቢያንስ 45 ሲቪሎችን ከሕግ ውጭ እንደገደሉ ኮሚሽኑ አስታውቋል። አዋጁ ለአራት ወር ተራዝሞ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ አካባቢ አበቃ።

አዋጁ ካበቃ በኋላ የ48 ሰዓቱ ደንብ ያለ ምንም ልዩነት ተመልሷል። ሆኖም ከመስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጅምላ ተይዘው ዳንግላ፣ ሰራባ፣ ጮሪሳና ሸዋ ሮቢት በሚገኙ ማቆያዎች መታጎራቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘግቧል። ከተያዙት መካከል ዳኞችና ዐቃቤያነ ሕግ ይገኙበታል።