የኮምፓይለር ፍላጎች በዴቢያን የፓኬጅ ዝግጅት

የኮምፓይለር ፍላግ ሶርስ ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲለወጥ ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። እንደ ዴቢያን ባሉ የሊኑክስ ስርጭቶች የፓኬጅ አዘጋጅ ከባዱ ሥራ ፍላጎቹን መምረጥ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮጀክት አልፈው ኮምፓይለሩ ዘንድ መድረሳቸውን ማረጋገጥ ነው።

የዴቢያንን ፍላጎች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚያቀርበው «ዲፒኬጂ ቢልድፍላግስ» የተባለ መሣሪያ ነው። «ሲፍላግስ» ለሲ ኮምፓይለር፣ «ሲፒፒፍላግስ» ለፕሪፕሮሰሰር፣ «ኤልዲፍላግስ» ለሊንከር የሚሄዱትን ይይዛሉ። በብዛት የሚዘነጋው መካከለኛው ነው፤ ፕሪፕሮሰሰር ኮዱ ከመተርጎሙ በፊት ሄደር ፋይሎችን የሚያስገባና ማክሮዎችን የሚተካ ክፍል ነው።

«ፎርቲፋይ ሶርስ» የተባለው ማክሮ የሚተላለፈው በ«ሲፒፒፍላግስ» በኩል ነው። እርሱ ሲኖር እንደ «ሜምኮፒ» ያሉ ፋንክሽኖች የመድረሻቸውን መጠን በሚፈትሹ አቻዎች ይተካሉ፤ ዳታው ከተመደበለት ቦታ ሊያልፍ ሲል ፕሮግራሙ ይቋረጣል። ኦፕቲማይዜሽን ካልበራ ግን አይሠራም። ፕሮጀክቱ ፍላጉን ቢጥለው ፕሮግራሙ ይገነባል፣ ይሠራል፣ ሙከራውንም ያልፋል፤ የጎደለው መከላከያው ብቻ ነውና ጉዳቱ አጥቂ እስኪመጣ አይታይም። የግንባታ መዝገብ አንብቦ የጎደሉ ፍላጎችን የሚጠቁም «ቢኤልኤችሲ» የተባለ መፈተሻ አለ፤ እርሱም የሚጠቅመው ትእዛዞቹ በሙሉ ሲታተሙ ነው።

ሜክፋይል በተባለው የግንባታ መመሪያ ፋይል ውስጥ በእኩል ምልክት የተሰጠ እሴት ከኤንቫይሮንመንት የመጣውን ይሽራል። በትእዛዝ መስመር የተሰጠው ደግሞ የሜክፋይሉን ይሽራል፤ ያኔ ፕሮጀክቱ ለራሱ የሚያስፈልጉት ፍላጎች አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ሲሜክ የተባለው የግንባታ መሣሪያ «ሲፒፒፍላግስ»ን ስለማያነብ፣ የዴቢያኑ የፓኬጅ ግንባታ መሣሪያ ዴብሄልፐር ከ«ሲፍላግስ» ጋር ያጣምረዋል። የጂኤንዩ የኮድ አጻጻፍ መመሪያ «ሲፍላግስ»ን ፕሮግራሙን ለሚገነባው ሰው ይተዋል፤ ፕሮጀክቱ የግድ የሚያስፈልጉትን ፍላጎች ለብቻ መያዝ አለበት። ተገቢው ጥገና ሜክፋይሉን በዚህ መልክ አስተካክሎ ለዋናው ደራሲ መላክ ነው። ፓኬጁ ውስጥ የቀረ ጥገና ለሌሎች ስርጭቶች አይደርስም።

ፍላግ አለመድረሱ ዳታም ሊያበላሽ ይችላል፤ ለዚህ ምሳሌው የጊዜ ቁጥር ነው። የ32 ቢት የጊዜ ቁጥር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ሞልቶ ያልቃል። ዴቢያን በ2024 እንደ አርም ባሉ የ32 ቢት ማሽኖች ላይ ወደ 64 ቢት ሲያሳድገው ለውጡ የተላለፈው በፕሪፕሮሰሰር ማክሮዎች ነበር። ፍላጉ የደረሰው ላይብረሪና ያልደረሰው ፕሮግራም ጊዜን በተለያየ ስፋት ሲለዋወጡ ዳታው ይበላሻል። ሄደር ፋይሉን ሳያካትት ፋንክሽን የሚጠራ ኮድ ደግሞ ሳይታወቅ ከአሮጌው የ32 ቢት ፋንክሽን ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ሳይታወጅ የተጠራ ፋንክሽን በዚያው ለውጥ ግንባታውን የሚያስቆም ስሕተት ተደረገ። አይ386 የተባለው የ32 ቢት ማሽን ዓይነት የቆዩ ፕሮግራሞች እንዲሠሩበት ሲባል ከለውጡ ውጪ ቀርቷል።