«ድፍረት» እና የተመልካች ፍርድ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሲኒማ የራሱ ዳይሬክተር ሳይኖረው ወቃሽ ነበረው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ፊልም ይታይበት የነበረውን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀሰው ጥላ የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ለመቀበል ጊዜ ወሰደ። ያኔ የሚወቀሰው መሣሪያው ነበር። ፊልሙን የሠራው ሰው ሩቅ አገር ያለ፣ ስሙም የማይታወቅ ስለነበር ተመልካቹ እሱን የሚጠይቅበት ጉዳይ አልነበረውም።

ጥያቄው የመጣው ታሪኩ የአገር ቤት ታሪክ ሲሆን ነው። በ1957 ዓ.ም. የኢላላ ኢብሳ «ሂሩት አባቷ ማነው» ለእይታ በቃ፤ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ የታሪክ ፊልም ተብሎ የሚቆጠረውም እሱ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ተከተለ። ጉማ በኦሮሞ ዘንድ ሰው የገደለና የሟች ወገን በሽማግሌ የሚታረቁበት፣ ደም በካሳ የሚደርቅበት ሥርዓት ነው። ለምሳሌ ወለጋ ውስጥ ይህን ለማወቅ ፊልም ማየት አያስፈልግም፤ ሽማግሌዎቹ የጎረቤት ሰዎች ናቸው፣ ዕርቁም የሚፈጸመው በሰፈር ነው። እንዲህ ያለ ተመልካች ዳይሬክተሩን የሚመዝነው በካሜራ ችሎታው አይደለም። ሥርዓቱን እንደ እናት ቋንቋው ስለሚያውቀው አንድ ቃል ከቦታዋ ብትዛነፍ ወዲያው ይሰማዋል። በኢትዮጵያ ዳይሬክተሮች ላይ ከተሰነዘሩት ብርቱ ወቀሳዎች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው፦ የራሱን ሕይወት በሌላ ሰው ዓይን ካየ ተመልካች።

በደርግ ዘመን ይህ ድምፅ ጠፋ። ሲኒማ ቤቶች ተወረሱ፣ ፊልም ሥራው በመንግሥት ማዕከል በኋላም በኮርፖሬሽን ሥር ገባ። ፊልም የመንግሥት ሲሆን ዳይሬክተሩን መውቀስ መንግሥትን መውቀስ ይሆናልና የሚናገር አልተገኘም። በዚያው ጊዜ የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ አሜሪካ ሆኖ ይሠራ ነበር። ባላባትንና ጭሰኛን ፊት ለፊት ያቆመውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በአብዮቱ ሰሞን አገር ቤት ቀርጾ በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳየ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ2008 «ጤዛ» ከቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አገኘ። ኃይሌ ተመልካች የሚከፋፈልበት ሰው ነው። ታሪኩን በቅደም ተከተል አይነግርም፣ ያለፈውንና የአሁኑን ያቀላቅላል፣ ተመልካቹ እንዲደክም ይፈልጋል። ይህን የማይወድ ሰው ቢያማርር መብቱ ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ በአመለካከትና በአተራረክ ላይ ብቻ ስለሆነ ከፊልሙ የተነሣ ቤቱ የተናጋበት ሰው የለም።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የቪዲዮ ካሜራ በር ከፈተ። የሄለን ታደሰ «የበረዶ ዘመን» እና የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የወለጋ ከተማ ነቀምቴም ሆነ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ብዙ ሰው ፊልም የለመደው በትልቅ አዳራሽ አልነበረም፤ በቪዲዮ ቤት ነው። ጨለማ ክፍል፣ የሳንቃ አግዳሚ፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና ዴክ፣ በር ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ። እዚያ ተመልካች ዝም ብሎ አያይም። ተዋናዩን ያስጠነቅቃል፣ ክፉውን ይሳደባል፣ መጨረሻው ካልጣመው የከፈለው ገንዘብ እንዲመለስለት ይጠይቃል። የአገር ውስጥ ፊልም ሲበዛ ይኸው ልማድ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ፤ ስሙ ተለጣፊው ማስታወቂያ ላይ አለ፣ አዲስ አበባ ሄዶ የሚያገኘውም አለ።

ይህ ሁሉ የተፈተነው በ«ድፍረት» ፊልም ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ለጋብቻ ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክር በጠላፊዋ መሣሪያ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። በግድያ ስትከሰስ በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ያዘ፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ።

ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ታሪኩን በአማርኛ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ አገር ቤት ቀረጸው። አንጀሊና ጆሊ በዋና ፕሮዲዩሰርነት ስሟን ሰጠች። ፊልሙ በጥር 2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ፣ በቀጣዩ ወር በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። ርዕሱ ራሱ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው፦ «ድፍረት» በአማርኛ ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው፤ ሁለቱም በአንዲት ልጅ ታሪክ ውስጥ አሉ። የጠለፋው ትዕይንት አይረሳም። ልጅቷ ትምህርት ቤት ደስ የሚል ወሬ ሰምታ ብቻዋን በሜዳው ወደ ቤቷ ስትጓዝ ፈረሰኞቹ ከኋላዋ ይደርሳሉ። ካሜራው አይጮህም፤ ሜዳው ሰፊ፣ ልጅቷ ትንሽ፣ የፈረሱ ኮቴ ቅርብ ነው። በኋላ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ ዳይሬክተሩ አያፌዝባቸውም፤ ደም የፈሰሰበት ቤተሰብ ሐዘንም ይሰማል። ልማዱን የሚያውቅ ተመልካች ይህን ፍትሐዊነት ሊያከብርለት ይገባል።

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ግን ሌላ ነገር ሆነ። ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ታዳሚው ተቀምጦ ሳለ ከፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ መጣና ዳይሬክተሩ ወጥቶ እይታው መቆሙን ተናገረ። የአበራሽ በቀለ አቤቱታ ግልጽ ነበር፦ ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ፊልም ሆነ። እግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ፤ ኢትዮጵያም ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ዘርፍ አቀረበችው። በተመልካች መካከል ያለው ክፍፍል ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚዘጋ አልነበረም።

በዳይሬክተሩ ላይ ከተነሡት ወቀሳዎች አንዱ ገበናችንን ለባዕድ አወጣ የሚለው ነው። ይህ ክስ አይቆምም። ጠለፋ የተሰወረ ምሥጢር አልነበረም። በኦሮሞ ዘንድ «ቡቲ» የሚባል የታወቀ የጋብቻ መንገድ ነበር፤ ወለጋም ያውቀዋል። ልጅቷ ከተወሰደች በኋላ ሽማግሌ ተልኮ ቤተሰቦቿ እንዲታረቁ ይደረግ ነበር። ሕጉም ለልማዱ ቦታ ሰጥቶ ነበር፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ እንዲድን ያደርግ ነበር። ይህን የለወጠው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው፤ አንቀጽ 587 ጠላፊውን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፣ ከጠለፋ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከቅጣት አያድነውም። በሕግ አደባባይ የተወገዘን ነገር ፊልም ስላሳየው ገበና አወጣ አይባልም።

ሌላው ወቀሳ ግን ይከብዳል፤ ይገባልም። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ በእውነተኛ ስሟ መዓዛ አሸናፊ ተብላ በሜሮን ጌትነት ትወከላለች። ልጅቷ ደግሞ ሂሩት ተብላ በትዝታ ሀገሬ ትቀርባለች። የስም ለውጡ ለተጠቂዋ ጥበቃ ነው ቢባል ያሳምን ነበር፤ ነገር ግን ጉዳዩ በአገሩ የታወቀ ስለነበር ስሙ ቢለወጥም ማን እንደሆነች ማንም አይስትም። ጠበቃዋ ከነስሟ ስትቀር፣ ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ተኩሳ፣ ታስራ ያለፈችው ሴት ከራሷ ታሪክ ስሟ ወጣ። ከፍርዱ በኋላ ወደ ቀዬዋ በሰላም መመለስ ያልቻለችው ግን እሷ ናት። የደም ነገር በሽማግሌ ካልተዘጋ ስንት ዓመት እንደሚቆይ በኦሮሞ አገር ያደገ ሰው ያውቃል፤ አዲስ ፊልም አሮጌ ቁስል ሲነካ አደጋው የሚደርሰው በዳይሬክተሩ ላይ አይደለም።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች ከልጅነቱ ጀምሮ ፊልሟን ከሚያውቅላት ህንድም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1994 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሼካር ካፑር «የሽፍቶች ንግሥት»ን ስለ ሽፍታዋ ፉላን ዴቪ ሠራ። ያኔ በሕይወት የነበረችው ፉላን ዴቪ መደፈሯ በስክሪን ላይ መታየቱን ተቃውማ ፍርድ ቤት ሄደች፤ ደራሲት አሩንዳቲ ሮይ ዳይሬክተሩን በጽሑፍ ክፉኛ ነቀፈች፤ ፊልሙን ያስሠራው የብሪታንያ ቴሌቪዥን ጣቢያ በመጨረሻ ካሳ ከፍሎ ተስማማ። ፊልሙ ግን ዛሬም ከህንድ ታላላቅ ሥራዎች ይቆጠራል። የፊልሙ ጥራት የሴትየዋን አቤቱታ አላቀለለውም፤ አቤቱታዋም ፊልሙን መጥፎ አላደረገውም።

በ«ድፍረት»ም ሚዛኑ ይኸው ነው። ዘረሰናይን አገር አሰደበ ብሎ መስደብ ፍትሕ የጎደለው ነው፤ በሥራው ጠለፋን ከማንም በተሻለ አሳይቷል። የአበራሽን ፈቃድ ሳያገኝ ታሪኳን እስከ በርሊን አድርሶ አዲስ አበባ ላይ እሷን በፍርድ ቤት መግጠሙ ግን ብርቱ ወቀሳ የሚያስከትል ጥፋት ነው፤ ወቀሳውም ከሽልማቶቹ ጋር አብሮ ሊነገር ይገባል። በነቀምቴ ሰፈሮች በበከኒሳ ቀሴም ሆነ በቡርቃ ጃቶ፣ በአርሲም ሆነ በጎጃም፣ የሌላ ሰው መከራ ፊልም ለማድረግ ካሜራ የሚያነሣ ወጣት ሁሉ በቅድሚያ የባለቤቷን ደጅ ያንኳኳ።