ልኩንና ቦታውን ማን ወሰነ? የጡት ኢምፕላንት ከ1962 ወዲህ

እ.ኤ.አ. በ1962 የጸደይ ወራት አንዲት የስድስት ልጆች እናት በቴክሳስ፣ ሂውስተን ከተማ ወደሚገኘው ጄፈርሰን ዴቪስ ሆስፒታል ሄደች። የሄደችው ደረቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ለማስጠፋት ነበር። ሐኪሞቹ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጌሮው ግን ሌላ ጥያቄ አቀረቡላት። በውሻ ላይ ተሞክሮ የነበረውን የሲሊኮን ጡት በሰው ለመሞከር ፈቃደኛ ትሆን እንደሆነ ጠየቋት። ከዓመታት በኋላ እንደተናገረችው፣ እሷን ያሳስባት የነበረው የጆሮዋ መገተር ነው፤ እሱንም እናስተካክልልሻለን ሲሏት ተስማማች። ጡቷ እንዲተልቅ ያልጠየቀች ሴት ስለ መጠኑም ሆነ ስለ ቦታው የምትመርጠው ነገር አልነበራትም።

ከዚያ በፊት ሙከራ አልነበረም ማለት አይደለም። በ1895 ጀርመናዊው ሐኪም ቪንሰንዝ ቼርኒ ከአንዲት ታካሚ ሰውነት የስብ እባጭ አውጥቶ ጎደሎ ጡቷን ሞልቶላት ነበር። ቀጥሎ ፓራፊን በመርፌ ተወጋ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ሰው ሠራሽ ስፖንጅ ተቀበረ። ፓራፊኑ ሥጋ አቆሰለ፣ ስፖንጁም ውሎ አድሮ ደደረ።

የሂውስተኖቹ ሐኪሞች ኢምፕላንቱን ያስቀመጡት በጡት ሥጋና በደረት ጡንቻ መካከል ነው። ቦታውን እንዳይለቅ ከጀርባው ዳክሮን የተባለ ጨርቅ ለጥፈውበት ነበር። ሰውነት ግን ባዕድ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በጠባሳ ይከበዋል፤ ጠባሳው ሲኮማተር በኢምፕላንቱ ውስጥ ያለውን ለስላሳ የሲሊኮን ጄል ይጨምቀዋል፤ ጡቱም እንደ ኳስ ይደድራል። ቅርጹ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ያማል። በ1968 ዴምፕሲና ላታም የተባሉ ሐኪሞች ኢምፕላንቱን ከደረት ጡንቻ ሥር ማስገባትን በጽሑፍ አቀረቡ። ዘዴው ሲስፋፋ ጥቅሙ ታየ፤ መደደሩ ቀነሰ፣ ቀጫጭን ሴቶች ላይም የኢምፕላንቱ ጠርዝ ከቆዳ ሥር መታየቱ ቀነሰ። ዋጋም አስከፍሏል። ሕመሙ ይበረታል፤ ሴቲቱ በእጇ ስትገፋ ወይም ስትጫን ጡንቻው ተኮማትሮ ጡቱን ከቦታው ሲያንቀሳቅሰው በዓይን ይታያል። በ2001 የዳላሱ ጆን ቴቤትስ ሁለቱን አጣመረ፤ የኢምፕላንቱ የላይኛው ክፍል ከጡንቻው ሥር፣ የታችኛው ከጡት ሥጋው ሥር እንዲያርፍ አደረገ።

በእኔ እምነት ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ለውጥ የመጣው በመለኪያው ነው። ለብዙ ዘመን መጠን የሚመረጠው በዓይን ግምት ነበር፤ ሴቲቱ በጡት ማስያዣዋ ውስጥ ናሙና ከትታ መስታወት ፊት ትቆማለች፣ የወደደችው መጠን በሲሲ (በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር) ይመዘገባል። መስታወቱ የሚያሳየው የዛሬውን ነው፤ ቆዳው ከዐሥር ዓመት በኋላ ያን ክብደት ይሸከም አይሸከም አይናገርም። ቴቤትስ በ2002 ባሳተመው ሥርዓት መነሻው የሴቲቱ የራሷ አካል ሆነ፤ የጡቷ የግርጌ ስፋት፣ የቆዳዋ መለጠጥ፣ ያላት የጡት ሥጋ ብዛት። ሐኪሙ የጡቱን የላይኛውን ክፍል ቆንጥጦ በካሊፐር ይለካል። ቁንጥጫው ከ2 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የሚሸፍነው ሥጋ ጥቂት ነውና ከጡንቻው ሥር ማስገባት ይመረጣል። ከጡቱ ግርጌ የሰፋ ኢምፕላንት የገባላት ሴት ጠርዙ በእጅ ይዳሰሳታል፤ ቆዳዋና ሥጋዋ ከዓመት ዓመት ይሳሳል፤ የሳሳው ደግሞ ኢምፕላንቱ ቢወጣም እንደ ቀድሞው አይመለስም። አንዲት ሴት ይህን ማወቅ ያለባት ቢላዋው ሳያርፍባት ነው።

ሕጉ በጣም ዘግይቶ ደረሰ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1992 የሲሊኮን ጄል ኢምፕላንትን ለውበት መጠቀምን አገደ፤ በ2006 ዕድሜያቸው 22 ለሞላ ሴቶች መልሶ ፈቀደ። በ2019 አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚባሉትን ገጸ ሻካራ ኢምፕላንቶቹን ከአንድ ዓይነት የሊምፍ ካንሰር ጋር በመያያዛቸው ከገበያ ሰበሰበ። በጥቅምት 2021 ደግሞ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከታካሚዋ ጋር የሚያነቡት ዝርዝር ግዴታ እንዲሆን አዘዘ። ዝርዝሩ ኢምፕላንት የዕድሜ ልክ ዕቃ እንዳልሆነ፣ በቆየ ቁጥር ችግር የመፍጠር ዕድሉ እንደሚጨምርና ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስከትል እንደሚችል በግልጽ ይናገራል፤ ሴቲቱም በየነጥቡ እንድትፈርም ዕድል ይሰጣታል።