ኮረኮንች ፍለጋ፡ ከቢቸና እስከ ሞጣ በብስክሌት

ብስክሌት የለመድኩት በኪራይ ነው፡፡ የእኔ ዘመን ልጅ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ የተከፈለበት ግማሽ ሰዓት ሳያልቅ ሰፈሩን ዞሮ መመለስ ግዴታ ነበር፡፡ የዘገየ ወይ ሣንቲም ይጨምራል፣ ወይ ይኮረኮማል፡፡ ከዚያ ሕግ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ከረባት አሰርኩ፣ ብስክሌቱም ተረሳ፡፡ እንደገና የተገናኘነው ሃምሳን ስደፍን፣ ሐኪሜ «ጋሼ፣ ወይ ይንቀሳቀሱ፣ ወይ መድኃኒት ይልመዱ» ባለኝ ጊዜ ነው፡፡

በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ሁለት ሳምንት ሞከርኩ፡፡ በሚኒባስና በሲኖትራክ መሃል ፔዳል መምታት ዕድሜ ይቀጥላል ወይስ ያሳጥራል የሚለው ክርክር ገና እልባት አላገኘም፡፡ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ግን አንድ ወዳጄ መፍትሔ አመጣ፡፡ «ብስክሌታችንን አውቶቡስ ላይ ጭነን ምሥራቅ ጎጃም እንውረድ፤ እዚያ መኪና የማይበዛበት ኮረኮንች ሞልቷል» አለኝ፡፡ ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጉዞና ከዚያ ወዲህ ካነበብኩት የተጠናቀረ ነው፡፡

ኮረኮንች እንደ ስፖርት

እኛ ከኮረኮንች ለመገላገል ስንለፋ፣ ሌላው ዓለም ኮረኮንች ፍለጋ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፡፡ ስሙንም «ግራቭል» ብሎታል፡፡ ታሪኩን ጣሊያን ላይ እንጀምር፡፡ ኪያንቲ በተባለው የወይን አገር፣ በቶስካና ኮረብቶች መካከል፣ «ነጭ መንገዶች» የሚባሉ የጠጠር መንገዶች አሉ፡፡ እነዚህ መንገዶች አስፋልት ውጧቸው እንዳይጠፉ የሰጉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በጋዮሌ ከተማ «ሌሮይካ» የተባለ የብስክሌት ጉዞ ጀመሩ፡፡ ተሳታፊው በአሮጌ ብስክሌት፣ በጥንት የሱፍ ማሊያ ይጓዛል፡፡ ከእሱም እ.ኤ.አ. በ2007 የባለሙያዎቹ ውድድር «ስትራዴ ቢያንኬ» ተወለደ፡፡ በአሜሪካ ካንሳስ፣ በኢምፖሪያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ውድድር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠጠር ላይ ያስኬዳል፡፡ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2022 በጣሊያን ቬኔቶ ተካሄደ፡፡ ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በማሳይ ማራ ውድድር አዘጋጅታ የውጭ እንግዳ ስትቀበል ቆይታለች፡፡

እኛስ ለብስክሌት እንግዳ ነን? አይደለንም፡፡ ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በጎዳና ውድድር ተወዳድሯል፡፡ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፡፡ ባሕር ዳርም በብስክሌት ብዛቷ የታወቀች ከተማ ናት፡፡

የመንገዱ ነገር

አባይን ተሻግሮ ደጀን የደረሰ መንገደኛ ሁለት ምርጫ አለው፡፡ አንዱ በደብረ ማርቆስ የሚያልፈው ነው፡፡ ሌላው ወደ ሰሜን ታጥፎ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በግንደ ወይንና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል፡፡ ይህኛው ለረጅም ዓመታት ጠጠር ሆኖ ኖሮ በየክፍሉ ወደ አስፋልት እየተቀየረ የመጣ ነው፡፡ ከቢቸና ሞጣ ያለው ርቀት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፡፡

የአካባቢው አቀማመጥ ለብስክሌተኛ የተሠራ ይመስላል፡፡ በስተ ግራ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ተነስቶ ይታያል፡፡ በስተ ቀኝ ምድሪቱ በድንገት ወደ አባይ ሸለቆ ትወርዳለች፡፡ ከጮቄ የሚነሱት እንደ ሙጋና ሱሃ ያሉ ወንዞች ደጋውን እየቆራረጡ ወደ አባይ ስለሚወርዱ፣ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው መሄድ ማለት መውረድና መውጣት፣ እንደገና መውረድና መውጣት ማለት ነው፡፡ የግንደ ወይን ስም ወይንን ቢያነሳም፣ እኛ በተጓዝንበት ወቅት ማሳውን የሸፈነው ጤፍና ስንዴ ነበር፡፡ ኪያንቲን በወይን ከሚያውቁት ጋር በጤፍና በማር የምንወዳደርበት አገር ነው፡፡

እውነተኛው ኮረኮንች ያለው ግን ከዋናው መንገድ በሚገነጠሉት ላይ ነው፡፡ መንግሥት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ለማገናኘት የገጠር መንገድ ፕሮግራም አካሂዷል፡፡ እነዚህ መንገዶች የጠጠር ናቸው፡፡ በአንዱ ላይ ግማሽ ቀን ስንጓዝ ያጋጠመን አንድ አይሱዙ ብቻ ነበር፡፡ ይሁን እንጂ መንገዱ ባዶ አይደለም፡፡ አህያው፣ በጉ፣ ተማሪው፣ በገበያ ቀን ደግሞ አገሩ ሁሉ አለበት፡፡ እዚያ እንግዳው ብስክሌተኛው ነው፡፡ ስለዚህ ከሩቅ ደወል ማሰማት፣ ፍጥነት መቀነስ፣ «እንደምን ዋላችሁ» ማለት ግድ ይላል፡፡

ብስክሌቱና ወቅቱ

እኔ የሄድኩት በተራራ ብስክሌት ነው፤ ወዳጄ በአሮጌ ፎኒክስ፡፡ ሁለታችንም ደረስን፤ እሱ ግን ዳገቱን ሁሉ በእግሩ እየገፋ ነው፡፡ ለዚህ ዓይነት መንገድ ከ40 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ስፋት ያለው ጎማ ይመረጣል፡፡ አየሩም ለአስፋልት ከሚሞላው ቀነስ ይላል፤ በጣም የተነፋ ጎማ ጠጠር ላይ ይዘላልና፡፡ ቀላል ማርሽና የሚታመን ፍሬን የግድ ናቸው፡፡ ጎሚስታ የሚገኘው ከተማ ውስጥ ስለሆነ ትርፍ የውስጥ ጎማና ፖምፓ መያዝ አይረሳ፡፡

ከፍታውንም መናቅ አይገባም፡፡ ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፡፡ በዚህ ከፍታ አየሩ የሚሰጠው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል፡፡ የአዲስ አበባ ሰው ግን ለምዶታል፡፡

ወቅቱን በተመለከተ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ይመረጣል፡፡ ዝናቡ አቁሟል፣ አቧራው ገና አልተነሳም፡፡ በክረምት ግን ከጠጠሩ መውጣት አይሞከርም፡፡ የቢቸና አካባቢ ጥቁር አፈር ጎማ ላይ ተለጥፎ ብስክሌቱን ያስቆመዋል፤ ተሸካሚው ተሸካሚ ይሆናል፡፡

አባባ ያሉኝ

ከደብረ ወርቅ አለፍ ብለን አንድ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍን፡፡ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ብስክሌቴን ዞረው አዩና ጠየቁኝ፡፡

«ልጄ፣ ለጉዳይ ነው የመጣኸው?»

«አይ አባባ፣ ለመዝናናት ነው፡፡ ኮረኮንቹን ወደን ነው፡፡»

ሳቁ፡፡ ቀጥለው ግን የልጃቸው ሚስት ምጥ የያዛት ሌሊት ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ እንዴት እንዳወረዳት ነገሩኝ፡፡ «እኛ አስፋልት እስኪመጣ እንሳላለን፤ አንተ ሽሽት መጣህ» አሉኝ፡፡ ምጥ የያዛት ሴት በሕይወት ተርፋለች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም፡፡

ከዚያ ቀን በኋላ «መንገዱ ጠጠር ሆኖ ይቅር» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም፡፡ የጣሊያኖቹ ክርክር ለጣሊያን ይሠራል፤ እነሱ ሐኪም ቤታቸውን ካስጠጉ በኋላ ነው ነጭ መንገዳቸውን ያቆዩት፡፡ የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፡፡ አስፋልቱ ሲመጣ እግረኛው፣ አህያውና ብስክሌቱ የት ይሂዱ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 1444 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መንገድን ከሕዝብ አገልግሎት ንብረቶች ይመድበዋል፡፡ ሕዝብ ሲል ባለ መኪናውን ብቻ አላለም፡፡ በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ለአዲስ አበባና ለክልል ከተሞች ግብ አስቀምጧል፡፡ በአብዛኛው በእግሩ የሚሄደው ግን የገጠሩ ሰው ነው፡፡ አዲስ አስፋልት ሲነጠፍ ዳሩን ሰፋ አድርጎ ጠጠር መተው ለገበያተኛው ሕይወት ነው፤ ለብስክሌተኛውም ይተርፋል፡፡

ዛሬስ?

አንባቢ ይህን አንብቦ ብስክሌቱን አውቶቡስ ላይ እንዲጭን አልመክርም፡፡ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል፡፡ እኔም ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም፡፡ በሞጣ ያሳደረን ቤተሰብ ጋር ግን ስልኩ ሲሠራ እንደዋወላለን፡፡ ባለፈው «መንገዱ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ፡፡ «መኪና የለበትም ጋሼ፣ እንደሚወዱት ነው» ብሎ ቀለደብኝ፡፡ መሳቅ አቃተኝ፡፡

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወር ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል፡፡ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ያጠናሁት፣ ቀላል የመሰለኝ አንቀጽ ነበር፡፡ ዛሬ ሳስበው ለብስክሌተኛ ከመዋሉ በፊት ለዚያች በቃሬዛ ለወረደችው ሴት መዋል ያለበት መብት ነው፡፡ ሰላም ወርዶ ገበያተኛው ሳይሰጋ የሚመላለስበት ጥቅምት ሲመጣ፣ እኔም ጎማዬን ነፍቼ ከደጀን ወደ ሰሜን እታጠፋለሁ፡፡