ሰንጠረዥ፦ ከወረራ እስከ ፍጻሜ

ሰንጠረዥ ኢትዮጵያውያን ለብዙ ዘመን የተጫወቱት የቼዝ ዓይነት ነው። ስሙ የመጣው ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ» ሲሆን፣ የዚያም ሥር የሳንስክሪቱ «ቻቱራንጋ» ነው፤ ትርጉሙም አራት ክፍል ያለው ጦር ማለት ነው። አራቱ ክፍሎች እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ናቸው። ጨዋታው ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከዚያም ወደ ዐረቡ ዓለም ተሻገረ። አውሮፓውያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሕጉን ለውጠው ለንግሥቲቱ ታላቅ ኃይል ሲሰጧት፣ ኢትዮጵያ ግን የጥንቱን አካሄድ ይዛ ቆየች።

ጨዋታው በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ዘንድ የተወደደ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1508–1540) በግቢያቸው ከነበረ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የራስ ወልደ ሥላሴን ጨዋታ ተመልክቶ ጽፏል። ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም በራስ ዓሊ ዘመን ያየውን መዝግቧል፤ ማስታወሻው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ኋላም እቴጌ ጣይቱ በጨዋታው ይታወቃሉ። 

ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነበር። በላዩ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ እየተሰፋ 64 ቤቶች ይወጡለታል፤ ጥቁርና ነጭ ተብሎ የሚለይ ቤት የለውም። የሀብታም ጠጠሮች ከዝሆን ጥርስ፣ የሌላው ከእንጨት ወይም ከቀንድ ይሠሩ ነበር። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር (ሠረገላው) እና መደቅ (እግረኛው) ይባላሉ። የንጉሡ አማካሪ የሆነው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ዝሆኑ ፊል ደግሞ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል። ኃይላቸው ትንሽ ስለሆነ ጨዋታው በችኮላ አያልቅም።

ሰንጠረዥን ከሌላው ዓለም ቼዝ ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ በፈለገው ፍጥነትና በፈለገው መጠን ጦሩን ያሰልፋል። እጆች በጨርቁ ላይ ይመላለሳሉ፤ ዓይን ግን የሚያየው የራስን ጠጠር ሳይሆን የባላጋራን እጅ ነው። አንዱ ፈረሱን ወደ ግራ ሲያወጣ ሌላው ያሰበውን ትቶ መደቆቹን መልሶ ያስተካክላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲማረክ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ መጫወት በተራ ብቻ ነው። ያልተዘጋጀ ሰው ያን ጊዜ ያዝናል፤ ለጸጸት ጊዜ የለም። ወረራ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፦ ሰው ከመግጠሙ በፊት ይሰናዳል፣ እየተሰናዳም የሌላውን አሳብ ያነባል።

ተመልካች ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዙሪያውን የከበበው ሰው ይመክራል፣ ይከራከራል፣ ይጮኻል። ተጫዋቹ የሚጠቅመውን ምክር ከጫጫታው መለየት አለበት፤ ሽንፈቱ ግን የራሱ ነው።

ትልቁ ትምህርት ያለው በፍጻሜው ላይ ነው። ንጉሡን መውጫ ማሳጣት ብቻ አይበቃም፤ በምን እንደተደረገ ይታያል። በደር ወይም በፈረስ የተገኘ ድል ብዙም አያስመሰግንም፣ ኃያል ጠጠር ማሸነፉ አይደንቅምና። በፊልና በፈርዝ መጨረስ የተሻለ ነው፤ ከሁሉ የሚደነቀው ግን በመደቅ፣ በተራው እግረኛ፣ የተፈጸመው ነው። ከዚህም በላይ፣ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማሸነፍ አይቻልም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ያበቃል። ስለዚህ ብልጫ ያገኘ ተጫዋች የባላጋራውን የመጨረሻ ጠጠር እንዳይበላ ይጠነቀቃል። ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ስስታም በእጁ የገባውን ድል ያጣል። የደካማን ክብር መጠበቅና በአቅም ላይ ልጓም ማድረግ በዚህ ጨዋታ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አልነበሩም፤ የማሸነፊያው መንገድ ራሱ ነበሩ።

ሰንጠረዥ ከጣሊያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) በኋላ እየተረሳ ሄደ። ቤተ መንግሥትና የመኳንንት አዳራሽ ሲለወጥ ጨርቁን የሚዘረጋም አነሰ፤ በከተማ ቦታውን ዓለም አቀፉ ቼዝ ወሰደው። ሕጉ ከመጥፋት የተረፈው በጽሑፍ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሥርዐት ሰፊ ጥናት አሳትመዋል።

ስሙ ግን አልሞተም። ቡራዩ ወይም ሰበታ ያለ ተማሪ በአማርኛ መጽሐፍ «ሰንጠረዥ» የሚል ሲያነብ የሚያየው በመስመር ተከፋፍሎ በየቤቱ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ የጥንቱ ሰሌዳም እንዲሁ በመስመር ብቻ የተከፈለ ነበር። በየሰፈሩ በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱትን ከብቦ የሚመክረው ተመልካችም ያንኑ የቆየ ልማድ ይዟል። የቀረው የወረራውና የፍጻሜው ሕግ ነው፤ እሱንም ለመመለስ የሚያስፈልገው አንድ ቀይ ጨርቅ፣ 32 ጠጠርና ሕጉን የሚያስተምር ሰው ነው።