ፋብሪካው ያልሠራው ፒክአፕ

ቅዳሜውን አሮጌ ፒክአፕ ሲያድስ የሚውል ሰው «ገንዘቡን ላሜራ በላው» ይባልለታል። ይባል! ፒክአፕ ራሱ የተወለደው እንዲህ በመቁረጥና በመቀጠል ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1925 ሞዴል ቲን ከነጭነት ሳጥኑ በ281 ዶላር መሸጥ ሲጀምር፣ አሜሪካውያን ገበሬዎች የቤት መኪናቸውን ከኋላ ቆርጠው ሳጥን መግጠም ከጀመሩ ቆይተው ነበር። ፋብሪካው ተከታይ ነው።

አዲስ አበባም የራሷን ቆርጣ ቀጥላለች። ለዕቃ የተሠራውን ፒክአፕ ጣሪያ አልብሰን፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ገጥመን ታክሲ አደረግነው። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥ ስለነበር ስሙ «ውይይት» ሆነ። (ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ዝም ማለትም ይከብዳላ!) ታዲያ እንዲህ ያለውን መኪና የሚያድስ ሰው «ወደ ፋብሪካ መልኩ ልመልሰው» ብሎ አግዳሚውን ከነቀለ፣ የአምራቹን ታሪክ አተረፈ፤ የከተማውን ግን ጣለ። ብየዳውን ከነጠባሳው ቢተወው እመርጣለሁ። ሞተሩን ግን እንደፈለገ ይቀይር።