ከምድጃ ዳር እስከ መጽሐፍ፦ የበዓል ሰሞን ንባብ በቡናው አገር

ንባብ ሲባል ብዙውን ጊዜ በዓይነ ኅሊናችን የሚቀረጸው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ነው። በሕዝባችን የኑሮ ታሪክ ውስጥ ግን ንባብ ከሁሉ አስቀድሞ የድምፅ ሥራ ነበር። አንባቢው አንድ፣ አድማጩ ብዙ ነው። የድካም ወራት አልፎ ቤተ ዘመድ በሚሰበሰብበት በበዓል ሰሞን ልብ የሚያሳርፈው ንባብ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ለመመርመር የጅማ አካባቢ፣ በተለይም ሰቃ፣ ጥሩ መነሻ ይሆነናል።

ሰቃ ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ሸቤና ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። የአገሩን የዕረፍት ጊዜ የሚወስነውም ቡናው ነው። ለቀማው ከመስከረም በኋላ ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ሰውን ሁሉ ከጫካ ያውለዋል። ገናና ጥምቀት የሚደርሱት እንግዲህ እጅ ከለቀማ ሲያርፍ ነው። ዒድ አል ፈጥርና ዐረፋ ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተመለሱ ወራቱን ሁሉ ያዳርሳሉ። ክረምቱም ሌላ ነው። ዝናቡ ሰውን ከቤት ሲያውል፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ተማሪ ልጅ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል።

ከመጽሐፉ በፊት ግን ተረቱ ነበር። ቡና ቀላው በቅቤ ተጠብሶ ሲቀርብ፣ ሽማግሌዎች ዱርዱሪ ሲያወጉ፣ ልጆች በሂቦ እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ ማምሸት ጥንታዊ የማጽናኛ ባህል ነው። በዚህ አጠገብ በጽሑፍ የተደገፈ ሌላ ባህል ነበር። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (1878–1932 እ.ኤ.አ.) ጅማ የታወቀች የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበረች፤ በመውሊድ በዓል የነቢዩ ታሪክ በጉባኤ ይነበባል፣ መንዙማም ይዜማል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ በጆሮው የንባቡ ተካፋይ ነበር።

የምድጃ ዳሩ ተረት ወደ ማተሚያ ቤት የገባበት ታሪክ ደግሞ አሳዛኝም አኩሪም ነው። አስቴር ገኖ የሊሙ እናርያ ልጅ ነበረች። በሊሙ እናርያ ንጉሥ ለባርነት ተዳርጋ ከባሕር ማዶ ልትሸጥ ስትወሰድ በ1886 እ.ኤ.አ. የጣልያን ባሕር ኃይል አስለቅቋት ከምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ከአገሯ የተነጠቀችው ይህች ወጣት በልቧ ይዛ የሄደችው ሀብት ቋንቋዋ ነበር። 500 ያህል የኦሮሞ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ሰብስባ ጻፈች። ከእነዚህም ብዙዎቹ እርሷና ኦነሲሞስ ነሲብ ባዘጋጁት፣ በ1894 እ.ኤ.አ. በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ወጡ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ያ የንባብ መጽሐፍ የተሠራው ከልጅነት ቤት ትዝታ መሆኑ ነው። መጽናኛ ንባብ ስንል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በአማርኛም በኩል የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታትሞ መንገዱን ከፈተ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጣ፤ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን በእጁ ያልያዘ ሰው ሁሉ ከሬዲዮኑ ዙሪያ ተሰብስቦ «አነበበ»። የድምፅ ንባብ ጥንታዊ ባህል በአዲስ መሣሪያ ታደሰ ማለት ነው።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ግን ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ 15 ከፍ አለ፤ ኦሮምኛም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ በግዕዝ ፊደል ተሰጠ። ቀን ከማሳና ከቡና ጫካ የዋለ ጎልማሳ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል ቆጠረ። የልጁን ደብዳቤ ጎረቤት ሳያስቸግር ለማንበብ የበቃ አባት፣ የዘመቻው ውጤት በሪፖርት አኃዝ ብቻ እንደማይለካ ምስክር ነው።

በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። አዲሱ ትውልድ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ለመማር በቃ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም በኦሮምኛ ተናጋሪ ቤት አንድ ጥያቄ ተፈጠረ። አያት ዐጀሚውን ከመድረሳ ያውቃሉ፤ እናት በዘመቻው የተማሩትን የግዕዝ ፊደል ይለያሉ፤ የልጅ ልጅ በቁቤ ያነባል። ቋንቋቸው አንድ፣ ፊደላቸው ሦስት ነው። በበዓል ቀን በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ ይሳነዋል።

ታሪኩ ግን መፍትሔውንም ይዟል። ፊደል ዓይንን ይለያያል፤ ድምፅ ጆሮን ያገናኛል። ልጁ በቁቤ የታተመውን ተረት ጮክ ብሎ ያንብብ፤ አያቱ «እኛስ እንዲህ አልነበረም የምንለው» ብለው ያርሙት፤ የታረመውን ደግሞ ልጁ ይጻፈው። አስቴር ገኖ የሠራችው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ መምህራን ለዕረፍት ለሚበተኑ ተማሪዎቻቸው ከቤት ሥራ ጋር አንድ የሚነበብ ተረት ይስጡ፤ የባህል ሠራተኞችም በየከተማው ያሉ አረጋውያንን ቃል ሳይውል ሳያድር ይሰብስቡ፤ የኪነ ጥበብ ሰዎች ጮክ ተብሎ ሊነበብ የሚችል ድርሰት ይጻፉ። ቡናው ሦስት ጊዜ እስኪቀዳ ድረስ አንድ ምዕራፍ ይነበባል፤ የቤቱም ሰው ሁሉ ያነበበ ይሆናል።